የመድኃኒት መስጫው መስኮትና ሉዓላዊነት

ሰኔ በመጣ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣና ሳይጀመር ያልቃል። የገንዘብ ሚኒስትሩ የዓመቱን የበጀት ረቂቅ ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባሉ፤ ጋዜጦች የመከላከያን፣ የትምህርትንና የጤናን ድርሻ ጎን ለጎን ያትማሉ፤ ጠያቂ ብቅ ሲል ደግሞ አንድ መልስ አፉን ያስይዘዋል፦ «ሀገር ከሌለ ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም የለም።» ባለሥልጣኑ ይህን ይላል፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርበው ተንታኝ ይህን ይላል፤ ሳሪስ አቦ ከባቡር ወርዶ የቃሊቲ ታክሲ የሚጠብቀው ሰውም ይህን ይላል። መንግሥትን የሚደግፈውና የሚቃወመው በብዙ ነገር ባይስማሙም በዚህ ይስማማሉ። ጫካ ገብቶ መንግሥትን የሚወጋውም ለራሱ ወገን የሚሰብከው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ጠመንጃ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

እኔ አባባሉ ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ስሕተትነቱም ለድሃ ከማዘን ብቻ የመጣ ክርክር አይደለም። አባባሉ ራሱ እቆምለታለሁ የሚለውን ነገር፣ ሀገርንና ሉዓላዊነትን፣ የሚጎዳ ስለሆነ ነው።

ሠራዊት አያስፈልግም የሚል ሰው የአፍሪካ ቀንድን ካርታ አላየም። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቶ ጅጅጋን ይዞ ወደ ሐረር ሲገሰግስ ያቆመው ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው፤ ለዚያ ሰው ያለኝን ክብር ማንም አይወስድብኝም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። «መጀመሪያ መከላከያ» ሲባል ተግባራዊ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሠራዊቱ ከራሳችን ግምጃ ቤት ይከፈለዋል፣ ጤናው፣ የሴፍቲኔቱና የረሃብተኛው እህል ግን የውጭ ሰው እስኪሰጥ ይጠብቃል።

ቁጥሩን እንየው። በ2014 በጀት ዓመት ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ብር ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ተፋፍሞ ስለነበር ጥር ላይ ምክር ቤቱ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ፤ ከዚያ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያና ለጸጥታ ዋለ። በ2015 ደግሞ ከ786 ቢሊዮን ብር በላይ ከሆነው የፌዴራል በጀት መከላከያ 84 ቢሊዮን ያዘ። በመደበኛው በጀት ብቻ ሲታይ በአንድ ዓመት ወደ 4 እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ለጦሩ ስንቅና ጥይት ማቅረቡ አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ፣ ገንዘቡ ከየት ተቀንሶ እንደመጣ ለሕዝብ ሳይነገር ማለፉ ነው። መድኃኒት አለቀ ተብሎ በዚህ ፍጥነት ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ አላየሁም።

ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ዝም አላለም። አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ሲተርፍ ይመድባል አይልም። በሚያዝያ 1993 አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ ኢትዮጵያም ከገቡት አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰኔ አለፈ።

ከግምጃ ቤታችን ያልተመደበውን የሞላው ማን ነው? የኤችአይቪ መድኃኒቱን በአብዛኛው የሞሉት የአሜሪካው ፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ ናቸው። ለሕፃናት ክትባት ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ ደርሶልናል። በ1997 የተጀመረውና 8 ሚሊዮን የሚጠጋ የገጠር ሰው ያቀፈው ሴፍቲኔት የቆመው በብዛት በለጋሾች ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጎዳና የሚያጸዱትንና አረንጓዴ ቦታ የሚንከባከቡትን እናቶች የያዘው የከተማው ሴፍቲኔትም ሲጀመር የዓለም ባንክ ገንዘብ ነበረበት። ለሰጡን ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም የሰጠ እጅ ይታጠፋል፤ መታጠፉንም ደጋግመን አይተናል።

በጥር 2013 የአውሮፓ ኅብረት 88 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ የበጀት ድጋፍ አገደ። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ አስወጣችንና በኢንዱስትሪ ፓርኮች ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በሰኔ 2015 የእርዳታ እህል ተሰርቋል ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ሀገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ለወራት። በጥር 2017 ዋሽንግተን ላይ የውጭ እርዳታን የሚያግድ ትእዛዝ ሲፈረም ደግሞ የእኛ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል እንዲያቋርጥ ለክልሎች ጻፈ። ሩቅ ሀገር ያለ ሰው ፊርማ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወረዳ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ከሥራ አስወጣ። የትኛው ወራሪ ጦር ነው በአንድ ሳምንት ይህን ያህል የሚደርስ?

«ሉዓላዊነታችን አይደፈርም» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ እንዲቆሙ እፈልጋለሁ። ታንኩን በራሳችን ገንዘብ ገዝተን ክትባቱን በሌላ ሰው ገንዘብ ስንከትብ ሉዓላዊነታችንን ቆርሰን ሰጥተናል። የውጭ መንግሥት እጃችንን መጠምዘዝ ሲፈልግ ድንበር ላይ ጦር ማስፈር አላስፈለገውም፤ የሚዘጋው ቧንቧ በእጁ ነው።

በዚህ ክረምት በሰፈራችን አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት መስጫ መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበረች ሴት ሕፃን አዝላ የጤና መድን መታወቂያዋን ከማዘዣው ጋር አስገባች። ከታዘዙት 3 መድኃኒቶች 2ቱ እንደሌሉ ተነገራትና ከውጭ እንድትገዛ ማዘዣው ተመለሰላት። ሴትየዋ የዓመቱን መዋጮ ከፍላለች፤ ካርዱ አላለፈበትም፤ መድኑ የገባላት ቃል ግን በዚያች መስኮት ላይ አበቃ። ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ከሰልፉ አንድ ሁለት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ከኋላችን አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ «ሀገር ሲወጋ ስለ መድኃኒት ይወራል እንዴ? መጀመሪያ ሀገር ትዳን» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ሰው ያከብራቸዋል፣ ደግሞም ነገሩ የሚመለስ አይመስልም።

ጋሼ፣ ይመለሳል። ይፍቀዱልኝና ልሞክር።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ሲመታ የጎደለው መሣሪያ አልነበረም። ዕዙ ከሠራዊቱ ክፍሎች ሁሉ ከባድ መሣሪያ በብዛት የያዘው ነበር። የመታውም ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም። ለሁለት ዓመት ተነጋግረው መጨረስ ያቃታቸው የአንድ ሀገር ፖለቲከኞች ጠብ በወታደሩ ላይ ፈነዳ። በዚያ ሌሊት የመከላከያ በጀት እጥፍ ቢሆን ኖሮ ያ ወታደር ይድን ነበር? እጥፉ መሣሪያ እዚያው መጋዘን ውስጥ በተገኘ ነበር።

ከዚያ የተከተለውን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ስንት ልጅ አለቀ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መቀሌ ላይ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ያለ ጓንትና ያለ መድኃኒት ቀሩ። የጦርነቱን ጉዳትና ኪሳራ መንግሥት ያቀረበው ግምት ከ28 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያደርሰዋል፤ መልሶ ለመገንባት በ5 ዓመት 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተብሏል። ትጥቅ ፈትተው ወደ ኑሮ መመለስ የነበረባቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ በላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ «መከላከያ» በሚለው የበጀት መደብ ውስጥ አይታይም። የጦርነት ዋጋ በአብዛኛው የሚጻፈው በጤናና በትምህርት ሒሳብ ላይ ነው፤ ስለዚህም ነው «ለመከላከያ የወጣው እኮ ከበጀቱ አሥር በመቶ ቢሆን ነው» የሚለው መከራከሪያ የማያጠግበኝ።

በተቃራኒው የኖርንበት ዘመን አለን። ከኤርትራ ጋር ስንዋጋ፣ ከ1990 እስከ 1992፣ የጦር ወጪያችን ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት አሥረኛውን ወደ መጠጋት ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሲቆም ወጪው ወረደ፤ ዓመታት ሲያልፉም ከ1 በመቶ በታች ሆነ። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ፤ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው እየተከፈላቸው ቤት ለቤት ዞሩ። በ1992 በተደረገው ጥናት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ወደ 67 ወረደ። እዚያም ውስጥ የውጭ ገንዘብ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ታይቷል። ሀገር በዚያ ዘመን ፈረሰ? ሠራዊቱስ ተዋረደ? ያ «ያልተመደበለት» ሠራዊት በዚያው ዘመን ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ በመላክ ከዓለም አንደኛ እስከመሆን ደርሷል።

ራቅ ካልን ደግሞ ታሪኩ ይበልጥ ይጠነክራል። ከሰሃራ በታች ካሉ ሀገሮች የአሜሪካን የጦር እርዳታ ከማንም በላይ ያገኝ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ነው። ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ደበቀ። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች የሚጠጡት ውኃና የሚበሉት ምግብ ስለከፋ አዛዦቻቸውን አሠሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የላኳቸውን ጄኔራልም ይዘው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው። ዘውዱ የወደቀው ከዚያ በጀመረ ንቅናቄ ነው። ሠራዊቱ ከድሃው ቤት የወጣ ልጅ ነውና ድሃው ቤት ሲፈርስ እሱም አይቆምም።

ደርግ ከዚህ አልተማረም። መስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰፊው ሲያከብርና የሠራተኞች ፓርቲን ሲመሠርት ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ፤ ሁሉም ነገር ሄደ። ከሰሃራ በታች አቻ ያልነበረው፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው የያዘው ያ ጦር በግንቦት 1983 ተበተነ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር የወታደር ካፖርት ለብሰው ምጽዋት የሚጠይቁ ሰዎችን ያላየ የዚያ ዘመን ልጅ የለም። ወታደርን በእውነት የሚወድ ሰው ያን ትዕይንት መርሳት የለበትም፤ ጠመንጃ ይዞ ሳለ ሁሉ ነገር ለእሱ ነበር፣ ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ የሚቀበለው ሆስፒታልም ሥራም አልነበረም።

ዛሬ ጦርነት የሚቀጣጠልበት ማገዶ ምንድን ነው? መልሱን ክፍል ውስጥ መፈለግ አለብን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡ 896 ሺህ ከሚበልጡ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። ዩኒሴፍ በ2017 ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩትን የኢትዮጵያ ሕፃናት 9 ሚሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል፤ ከእነዚህ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት በአማራ ክልል ነበሩ። ልጁ ከክፍል ወጥቶ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቀመጥ የሚጠሩት ብዙ ናቸው፤ ደላላው ወደ የመንና ሳዑዲ፣ ታጣቂው ወደ ጫካ፣ መንግሥትም ለምልመላ። ሦስቱም የሚያፈሱት ከአንድ ማሳ ነው። አንዱ አሥር ሺህ ልጅ ቢያሰልፍ ሌላው ያንኑ ያህል የሚያገኝበት ሀገር ላይ ወታደር በመጨመር ሰላም አይገዛም። ልጁን ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጠው ደመወዙ በወቅቱ የሚደርሰው መምህር ነው። ሀዲያና ወላይታ ላይ ግን በ2016 መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ቀረብን ብለው ጮኸዋል።

ወደዚህ ወደ እኛ ስመለስ የሚያስደስተኝን ነገር መደበቅ አልፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ከ2012 ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይሰጣል። ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ብትቆሙ ታያላችሁ፤ ድስቱን የጣዱት በማኅበር የተደራጁ የሰፈሩ እናቶች ናቸው፣ ልጁ በልቶ ክፍል ይገባል፣ በልቶ ይወጣል። ከዚህ በፊት በረሃብ ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ልጅ ነበር። ገንዘቡን ከተማው ከራሱ በጀት ይዟል፤ ዋሽንግተን ላይ የሚፈረም ወረቀት ያችን ድስት አያወርዳትም። ከራስ ግምጃ ቤት ሲመደብ ይቻላል ማለት ነው። ለድስቱ የተቻለው ለክትባቱ ለምን አይቻልም?

ሌላም የሚሰማ ክርክር አለ፦ ለመከላከያ የሚወጣው ገንዘብ ኢንዱስትሪም ይሠራል፣ ቴክኖሎጂም ያመጣል ይባላል። ይህን ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው መንገር ይከብዳል። ከሳሪስ አቦ ወደ ታች ስትወርዱ ከቃሊቲ አልፎ የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት አለ። በ2002 በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽኑ ሜቴክ ሲቋቋም፣ በወታደራዊ መኮንኖች አመራር ሥር፣ ያ ፋብሪካ ከሌሎች ጋር ተጠቃለለለት። የስኳር ፋብሪካዎቹ፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴው ግድብ የብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ያለ ጨረታ ተሰጡት። ያዩ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሳያመርት ቀረ፤ ዛሬም ገበሬው በክረምት የሚጠብቀው ከውጭ በዶላር የሚገባውን ነው። የግድቡ ሥራ በ2010 ተነጠቀ። ኅዳር 2011 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ 37 ቢሊዮን ብር የሚገመት የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲያስታውቁ ሀገር ጆሮውን ማመን አቃተው። ማንም ደፍሮ በጊዜው ያልጠየቀው «መከላከያ» የሚል ስም ስለነበረበት ነው። «መጀመሪያ ሀገር» የሚለው ቃል ሒሳብ የማይጠየቅበት አጥር ይሠራል፤ አጥሩ ውስጥ የሚጠፋው ደግሞ የወታደሩም ስንቅ ነው።

ጤናና ትምህርት በዋነኛነት የክልሎች ኃላፊነት ስለሆኑ የፌዴራሉን ሠንጠረዥ ብቻ ማየት ያሳስታል የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን በዚያ በኩል ስናየው ነገሩ ይብሳል። መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ እንዲፈርስ እስኪወሰን ድረስ እያንዳንዱ ክልል ልዩ ኃይል ያሠለጥን፣ ያስታጥቅና ደመወዝ ይከፍል የነበረው መምህሩ ከሚከፈልበት ኪስ ነው። የሠራተኛውም የወር ደመወዝ ለሠራዊቱ ተብሎ በየመሥሪያ ቤቱ ተዋጥቷል። በፌዴራሉ ሠንጠረዥ ላይ የተመለከትነው 84 ቢሊዮን ያን አይጨምርም።

ግንቦት 2017 ላይ ሐኪሞችና ነርሶች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው የሚያስኖር ደመወዝ ሲጠይቁ ምን እንደተደረገ አንርሳ። ሥራ ያቆሙ ነበሩ፤ የታሰሩም ነበሩ። ስፔሻሊስት ሐኪም የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ወደ ሶማሌላንድና ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ሲሄድ ሀገር አንድ ምሽግ እየለቀቀ ነው። ቁስለኛ ወታደርስ ማን ነው የሚያክመው?

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የሚቀጥለው ረቂቅ ሲቀርብ የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት፣ የሕፃናት ክትባትና የወላድ እናቶች መድኃኒት በሙሉ ከግምጃ ቤት የሚከፈሉበት መደብ ይኑራቸው፤ ለጋሽ ከሰጠ ለጭማሪ ይሁን። ለመከላከያ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ ማንኛውም ሰነድ ገንዘቡ ከየትኛው ትምህርት ቤትና ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚነሣ ጽፎ ይቅረብ፤ ምክር ቤቱም ያን አንብቦ ይወስን። የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ ለአንድ ወር እንኳ ባልተከፈለበት ክልል ለጸጥታ መሥሪያ ቤት አዲስ ተሽከርካሪ አይገዛ። ከመከላከያ ሥር ያሉ ፋብሪካዎች ሒሳብ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ድርጅት ተመርምሮ ለሕዝብ ይውጣ። የአቃቂ ቃሊቲን ሕዝብ የሚወክሉት የምክር ቤት አባልም እነዚህን አራት ነገሮች ከመድረኩ ጠይቀው፣ የተሰጣቸውን መልስ ይዘው ሳሪስ አቦ መጥተው ሰብስበውን ይንገሩን።